ከመንደር ሚዛን እስከ ዴሊ ቧንቧ፦ የሕንድ ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ አገልግሎት ሲመዘን

የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት የሕንድ መንደር ጎህ ሲቀድ የሚታየው ነገር ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት የሚታለቡ ጎሾች ያሏት ሴት ያለበችውን ወተት በዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ ወተቱ ይመዘናል፤ ጥቂት ናሙና ተወስዶ የቅባቱና ከቅባት ውጪ ያለው ጠጣር መጠን ይለካል፤ ክብደቱ፣ ልኬቱና ዋጋው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ታትሞ ይሰጣታል። ማታም ይኸው ይደገማል። ጎረቤቷ ብዙ መሬት ያለው ቢሆንና እርሷ አንድ ጥማድ እንኳ ባይኖራት፣ ሚዛኑና መለኪያው ለሁለቱም አንድ ነው። የአንድን አገር የወተት ዘርፍ አስተዋውቃለሁ፣ እጠብቃለሁ የሚል ተቋም ሲገመገም ብዙ ጊዜ የሚታየው ማስታወቂያው፣ ጉባኤውና ለመንግሥት የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። እኔ ግን የሕንድን ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ የምመዝነው ከዚህች ቁራጭ ወረቀት ተነሥቼ ነው። ቦርዱ ባለፉት 60 ዓመታት ካከናወነው ሁሉ ትልቁ ይህችን ወረቀት በአሥር ሺዎች ወደሚቆጠሩ መንደሮች ማድረሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድክመቱንም የማየው ወረቀቷ ባልደረሰችበት ስፍራና ወረቀቷ በማትናገረው ነገር ላይ ነው።

ቦርዱ የተመሠረተው በ1965 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሥሩ ግን ከዚያ 19 ዓመት ወደ ኋላ፣ ዛሬ በጉጃራት ግዛት ወደሚገኘው የካይራ አውራጃ ይወስደናል። የካይራን ወተት ወደ ቦምቤይ የሚልከው ፖልሰን የተባለ የግል ድርጅት ነበር፤ በመካከል ያሉት ነጋዴዎች በፈለጉት ዋጋ ይገዛሉ፣ ወተት በሚበዛበት ወቅት ደግሞ አንፈልግም ይላሉ። ገበሬዎቹ ምክር ፍለጋ ወደ ነጻነት ትግሉ መሪ ወደ ሳርዳር ቫላባይ ፓቴል ዘንድ ሄዱ። የተሰጣቸው ምክር ሌላ ነጋዴ ፈልጉ የሚል ሳይሆን፣ ወተቱን ራሳችሁ ሰብስቡ፣ ራሳችሁ አቀነባብሩ፣ ራሳችሁ ሽጡ የሚል ነበር። ለ15 ቀናት ያህል ወተት አንሸጥም ብለው ከጸኑ በኋላ በዲሴምበር 1946 በትሪቡቫንዳስ ፓቴል መሪነት ዩኒየናቸውን አስመዘገቡ። ዛሬ አሙል በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው ይኸው ዩኒየን ነው።

በ1949 የዩኒየኑ መቀመጫ ወደሆነችው ወደ አናንድ ከተማ የመጡት መሐንዲስ ቬርጌዝ ኩሪየን በዚያ ያገኙት ችግር የሽያጭ ብቻ አልነበረም። ጎሾች በክረምቱ ቅዝቃዜ ወራት ብዙ ይታለባሉ፣ በበጋው ሙቀት ወተታቸው ይቀንሳል። ትርፉን ወተት ወደ ዱቄት ለውጦ ማቆየት ካልተቻለ ዩኒየኑም እንደ ነጋዴው በጥጋብ ወቅት አባሉን ለመመለስ ይገደዳል። የጎሽ ወተት ዱቄት አይሆንም ይሉ የነበሩ የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የኩሪየን ባልደረባ ኤች ኤም ዳላያ እንደሚሆን አሳዩ፤ በ1955ም በአናንድ ፋብሪካው ተከፈተ። ይህን ዝርዝር የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የወተት ገበሬን መጠበቅ ማለት ከሁሉ በፊት ወተቱ በማይፈለግበት ቀን የሚቀበለው ቤት እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ የቴክኒክ ሥራ የሚመስለው የዱቄት ማድረቂያ ማማ ከብዙ መግለጫና ከብዙ ዘመቻ የበለጠ ጥበቃ ሰጥቷል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ በኦክቶበር 1964 የመኖ ፋብሪካ ለመመረቅ ወደ አካባቢው ሲመጡ በአንድ መንደር አድረው ከገበሬዎች ጋር ተነጋገሩ። በማግስቱ ለኩሪየን ያነሡት ጥያቄ እጅግ ትክክለኛ ነበር፦ የዚህ አውራጃ አፈር ከሌላው አይበልጥም፣ ዝናቡም አይበልጥም፣ ጎሾቹም ከሌላው የተሻሉ አይደሉም፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? መልሱ የወተቱ መንገድ ከመንደር እስከ ከተማ በገበሬው ባለቤትነት ሥር መሆኑ ነበር። ሻስትሪ ይህ በመላ አገሪቱ እንዲደገም ጠየቁ፤ ኩሪየንም የሚቋቋመው መሥሪያ ቤት በዋና ከተማዋ ሳይሆን በአናንድ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። የቦርዱ ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም እዚያው ነው። ይህ ውሳኔ በእኔ ግምት ከቦርዱ ሕግና ደንብ ሁሉ ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ከቢሮአቸው ሲወጡ የሚያገኙት የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሳይሆን ወተት የሚያመጣውን ገበሬ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልግባ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ የወተት ዱቄትና ቅቤ ተርፎት መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ትርፍ ወደ ድሃ አገር በስጦታ ወይም በርካሽ ሲገባ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው፤ የከተማው ሸማች ለጊዜው ይጠቀማል፣ የገጠሩ አላቢ ግን ከነጻ ወተት ጋር መወዳደር ስለማይችል ላሙን ይሸጣል፤ ስጦታው ያበቃ ዕለት ከተማውም ገጠሩም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ቦርዱ ያቀረበው ሐሳብ ይህን አደጋ ገልብጦ መሣሪያ የሚያደርግ ነበር። በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የሚመጣው ዱቄትና የቅቤ ዘይት በነጻ አይታደልም፣ ከአገሬውም ወተት በታች በሆነ ዋጋ አይሸጥም፤ በትልልቅ ከተሞች ካለው ወተት ጋር ተቀላቅሎ በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ የሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ለመንደር መሰብሰቢያ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለታንከርና ለማቀነባበሪያ ፋብሪካ ይውላል። ለመጀመሪያው ምዕራፍ የታቀደው 126,000 ቶን ቅባት የወጣለት ዱቄትና 42,000 ቶን የቅቤ ዘይት ነበር። የጎርፍ ዘመቻ የሚል ስም የተሰጠው ይህ መርሐ ግብር በ1970 ተጀምሮ በሦስት ምዕራፎች እስከ 1996 ዘለቀ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 18 የወተት ምንጭ አካባቢዎች ከዴሊ፣ ከቦምቤይ፣ ከካልካታና ከማድራስ ጋር ተያያዙ፤ በ1985 መጨረሻ የምንጮቹ ቁጥር 136 ደርሶ ነበር፣ 43,000 የመንደር ማኅበራትና ከ4 ሚሊዮን በላይ አባላትም ነበሩ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ማኅበራቱ ወደ 73,000 ተጠጉ።

ከዚህ በላይ የተዋጣለት የዘርፍ ጥበቃ ሥራ አላውቅም። ድንበር ዘግቶ የውጭውን ወተት ማስቀረት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ቦርዱ ግን የመጣውን አደጋ ተቀብሎ የአገሩን ገበሬ መሠረት እንዲያቆም አስገደደው። ተቺዎች አልጠፉም። የገጠሩ ልጅ ሊጠጣው የሚገባው ወተት ወደ ከተማ ሄደ፣ አገሪቱ የውጭ ስጦታ ጥገኛ ሆነች፣ የተዳቀሉት ላሞች ለአቅመ ደካማው ገበሬ አይመቹም የሚሉ ክርክሮች በ1980ዎቹ በርትተው ተነሥተው ነበር። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ክብደት አለው ብዬ አስባለሁ፤ ወተት ገንዘብ የሚያስገኝ ሲሆን ከልጅ አፍ ወደ ጣሳ የመዞሩ ዕድል እውነተኛ ነው፣ ወረቀቷም የምትመዘግበው የተሸጠውን እንጂ በቤት የቀረውን አይደለም። ሁለተኛው ክርክር ግን በጊዜ ሂደት መልስ አግኝቷል፤ ስጦታው ቆሞ ፋብሪካዎቹ ቀጥለዋል።

ስለ ማስተዋወቅ ሥራው ስናይ ንጽጽር ይረዳል። በአሜሪካ በ1983 በወጣ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የወተት ገበሬ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ወተት 15 ሴንት ለማስታወቂያና ለምርምር በግዴታ ይከፍላል። የወተት አቀነባባሪዎችም የራሳቸው መዋጮ አላቸው፤ በ1993 በካሊፎርኒያ የተጀመረውና «ወተት አለ?» የሚል ጥያቄ የያዘው ማስታወቂያ የመጣው ከእነርሱ በኩል ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከታወቁት የምግብ ማስታወቂያዎች አንዱ ሆኗል። ሆኖም የአንድ አሜሪካዊ የፈሳሽ ወተት ፍጆታ በ1975 በዓመት 112 ኪሎ ግራም ያህል የነበረው በ2019 ወደ 64 ወርዷል። አጠቃላይ የወተት ተዋጽኦ ፍጆታ በአይብ ምክንያት ስለ ጨመረ ገንዘቡ ሁሉ ባከነ ማለት አልችልም፤ ግን ታዋቂ ማስታወቂያ ሰዎች መጠጣታቸውን እንዲቀጥሉ ማድረግ አለመቻሉ ግልጽ ነው። ክፍያው በግዴታ መሆኑም ራሱ ክርክር አስነሥቷል፤ የላሞቻቸው አያያዝ ከሌላው የተለየ ነው፣ ሁሉም ወተት አንድ ነው ለሚል ማስታወቂያ ለምን እንከፍላለን ያሉ የፔንሲልቬኒያ ገበሬዎች ጉዳዩን እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት አድርሰውት ነበር።

የሕንዱ ቦርድ ከገበሬው እንዲህ ያለ መዋጮ አይሰበስብም፤ የማስተዋወቅ ሥራውም በአብዛኛው የሚሠራው በሽያጭ ቦታው ላይ ነው። በ1974 በዴሊ ያቋቋመው ማዘር ዴይሪ የተባለው ድርጅት በየሰፈሩ የወተት መሸጫ ዳሶችን ተከለ፤ ሸማቹ የብረት ገንዘብ የመሰለ ምልክት ገዝቶ ማሽኑ ውስጥ ይከታል፣ የራሱን ዕቃ ከቧንቧው ሥር ይደቅናል፣ የቀዘቀዘና የተጣራ ወተት ይቀዳለታል። ማሸጊያ ስለሌለው ከታሸገው ይረክሳል፣ ውሃ የሚጨምርበት እጅም በመካከል የለም። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ ወተት ውድ ነው፣ ወተት የተበረዘ ነው የሚሉትን የሸማቹን ሁለት ቅሬታዎች በአንድ ቧንቧ መልሷልና። በ1976 ደግሞ በጉጃራት 500,000 ያህል የወተት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሩፒ አዋጥተው ስለ ኅብረት ሥራ ትግል የሚተርክ ሙሉ ፊልም አሠርተዋል፤ ገበሬው ራሱ የማስታወቂያው ባለቤት የሆነበት እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ዘርፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከ2014 ጀምሮ የኩሪየን ልደት የሆነው ኖቬምበር 26 ብሔራዊ የወተት ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በ2017 የተጀመረው የጥራት ምልክትም ሂደታቸው ተመርምሮ ላለፉ የኅብረት ሥራ ፋብሪካዎች ይሰጣል። ቀኑ በዓል ነው፣ ብዙም አልልበትም። የጥራት ምልክቱ ግን በኋላ የምመለስበት ጉዳይ ነው።

ቦርዱ ዘርፉን ከውጭ ውድድር ለመጠበቅ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው የምክር ነው፤ ድርድሩን የሚያካሂደው መንግሥት ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ክንውኖች ትምህርት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ቀረጥ ነው። ሕንድ በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት በዚህ ዕቃ ላይ ቀረጥ ላለመጣል ቃል ገብታ ነበር፤ ከብዙ ድጎማ ጋር የሚመረት የውጭ ዱቄት ያለ ቀረጥ ሊገባ እንደሚችል ሲታወቅ ቃሉ እንደገና ለድርድር ቀረበ፣ በስምምነትም በዓመት እስከ 10,000 ቶን በ15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በ60 በመቶ ቀረጥ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለተኛው በኖቬምበር 2019 በባንኮክ ሕንድ ከእስያና ፓስፊክ አካባቢ ሰፊ የንግድ ስምምነት ድርድር የወጣችበት ውሳኔ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የኒው ዚላንድና የአውስትራሊያ ወተት ነበር። የወተት ዘርፉ ድምፅ በዚያ ጊዜ ከብዙዎቹ ዘርፎች ይልቅ ጎልቶ ተሰምቷል።

ሁለቱንም ውሳኔዎች እደግፋለሁ፤ የኒው ዚላንድ ወተት በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚመረት ነው፣ የሕንዱ አላቢ ደግሞ ከጥቂት ከብት ጋር የሚኖር ሰው ነው፣ ሁለቱን ያለ ድንበር በአንድ ሜዳ ማጋጠም ፍትሐዊ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀረጥ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጥራትን አይገዛም። ቦርዱ በተሰጠው ጊዜ ምን እንደ ሠራ መጠየቅ የገምጋሚው ግዴታ ነው። አስመጪዎች ወተቱ ከሌላ ከብት አካል የተዘጋጀ መኖ ካልበሉ እንስሳት የተገኘ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው የሕንድ ደንብም በውጭ ንግድ ሸሪኮች ዘንድ እንደ መሰናክል ይታያል፤ በእኔ አስተያየት ይህ በሸማቹ እምነትና ባህል ላይ የቆመ ስለሆነ ከቀረጡ የበለጠ ጽኑ መሠረት አለው።

ወተት የሚለውን ስም ከአጃ፣ ከአኩሪ አተርና ከለውዝ መጠጦች የመከላከሉ ትግልም በዚህ ሥር ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2017 ስሙ ለእንስሳት ወተት ብቻ እንደሆነ በይኗል፤ በሕንድም የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ በ2021 የኢንተርኔት ሻጮች በወተት ስም የሚሸጡ የዕፅዋት መጠጦችን ከዝርዝራቸው እንዲያወጡ አዟል። ሕጉ ልክ ነው፤ ስም የገበሬው ንብረት ነውና። ግን የሕንድ ወተት ትልቁ ጠላት የአጃ መጠጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የአገሪቱን ወተት በቅርብ አልተመለከተም።

ትልቁ ጠላት ያለው በመኖው ውስጥ ነው። የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ በ2018 በ1,103 ከተሞች 6,432 ናሙናዎችን አስመርምሮ ነበር። ሁሉም ይፈራው የነበረው በመርዛማ ነገር መበረዝ በ12 ናሙናዎች ብቻ ተገኘ፤ ይህ መልካም ዜና ነው፣ የሚገባውን ያህልም አልተነገረም። ነገር ግን ከናሙናዎቹ 5.7 በመቶ የሚሆኑት ከተፈቀደው በላይ አፍላቶክሲን ነበረባቸው። አፍላቶክሲን በሻገተ ፋጉሎ፣ በቆሎና ለውዝ ውስጥ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ላሟ ስትበላው ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ በማፍላት አይጠፋም። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ ችግሩ ከጥሬው ወተት ይልቅ በተቀነባበረው ውስጥ ጎልቶ መታየቱ ነው። የተደራጀው ዘርፍ፣ ማለትም ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪና የጥራት ምልክት ያለው ዘርፍ፣ በዚህ ከመንደሩ አላቢ ሊሻል ሲገባው አልተሻለም። የመንደሯ ሴት የምትቀበለው ቁራጭ ወረቀት ስለ ቅባትና ስለ ጠጣር ይናገራል፤ ስለ መኖዋ ደኅንነት ግን ዝም ይላል፣ ዋጋውም ከዚያ ጋር አልተያያዘም። ገበሬ የሚሻሻለው በሚለካበትና በሚከፈልበት ነገር መሆኑን ከቦርዱ በላይ የሚያውቅ ተቋም የለም፤ የቅባት መለኪያው ራሱ ውሃ መጨመርን ትርፍ የለሽ በማድረግ ያሸነፈው በዚሁ ብልሃት ነበርና። ያንኑ ብልሃት በመኖ ላይ አለማዋሉ ይቅር የምለው ጉድለት አይደለም።

በእንስሳት ጤናና ምርታማነት ላይ ቦርዱ የሠራው ግን ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። በ1982 በሃይደራባድ ያቋቋመው የክትባት ፋብሪካ ለአፍተግር በሽታ የሚሆን ክትባት በብዛት ያመርታል። በዓለም ባንክ ድጋፍ ከ2012 እስከ 2019 በተካሄደው ብሔራዊ የወተት ዕቅድ ውስጥ የሠለጠኑ የመንደር ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ ላሟ ምን እንደምትበላና ምን ያህል እንደምትታለብ መዝግበው፣ በአካባቢው ካለው ገለባ፣ ሣርና ፋጉሎ የተመጣጠነ ቀለብ ያወጡላት ነበር፤ በዚህ አገልግሎት ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታይተዋል። እንስሳቱ በጆሮ ምልክት ላይ 12 አኃዝ ያለው መለያ ተሰጥቷቸው የማዳቀል፣ የክትባትና የወተት መዝገባቸው በአንድ መረጃ ቋት ይቀመጣል። ይህ አገልግሎት አዲስ ዕቃ ግዙ አይልም፤ ያላችሁን አስተካክላችሁ መግቡ ይላል፤ የገበሬው ወጪ ይቀንሳል፣ ወተቱ ይጨምራል፣ ላሟ የምታወጣው የሚቴን ጋዝም ይቀንሳል። በ2019 በተደረገው ቆጠራ 300 ሚሊዮን ያህል ላሞችና ጎሾች በተገኙባት አገር የተሻለ አመጋገብ ከማንኛውም የውጭ ዝርያ የበለጠ ትርፍ እንደሚያስገኝ አልጠራጠርም። በ2022 የቆዳ ጉርብርብ በሽታ ከ100,000 በላይ ከብቶችን ሲፈጅ ደግሞ መዝገብና ክትባት ባልደረሰባቸው ስፍራዎች ያሉ አላቢዎች ምን ያህል ብቻቸውን እንደቆሙ በግልጽ ታየ።

በማርች መጨረሻ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አገሪቱ ስትዘጋ የሆነውንም አልዘልም። ላም ቤት ውስጥ ተቀመጡ ቢባልም ባይባልም ትታለባለች። ከደቡብ ከሬኒጉንታ ወደ ዴሊ የወተት ባቡር ተመደበ፤ እያንዳንዳቸው 40,000 ሊትር የሚይዙ ታንከሮችን እየጎተተ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። ሻይ ቤቱና ጣፋጭ ቤቱ ተዘግቶ የግል ገዢው ሲጠፋ ማኅበራቱ መቀበላቸውን ቀጠሉ፣ ትርፉም ወደ ዱቄት ተለወጠ። የ1955ቱ ማማ ትርጉም ከ65 ዓመት በኋላም አልተለወጠም ነበር።

አሁን ወረቀቷ ወዳልደረሰችበት ስፍራ ልምጣ። የሕንድ የወተት ምርት በ1968 እና 1969 መካከል ከነበረው 21 ሚሊዮን ቶን ያህል ተነሥቶ፣ በ1998 አሜሪካን አልፎ የዓለም አንደኛ ሆኖ፣ በ2023 እና 2024 መካከል 239 ሚሊዮን ቶን ደርሷል፤ ይህ በሰው በቀን 471 ግራም ማለት ነው። ቦርዱን የሚያወድሱ ጽሑፎች አብዛኞቹ በእነዚህ ቁጥሮች ያበቃሉ። ነገር ግን 239 ሚሊዮን ቶን በቀን ሲካፈል 655 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በቀን የሚሰበስቡት ከዚህ ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው። ከፊሉ በአምራቹ ቤት ይጠጣል፤ የቀረው በግል ድርጅቶችና በየሰፈሩ ወተት አዟሪዎች በኩል ይሸጣል። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር አላቢ ዛሬም የሚኖረው የካይራ ገበሬዎች ከ1946 በፊት በኖሩበት ሁኔታ ነው፤ ሚዛኑ የገዢው ነው፣ መለኪያው የገዢው ዓይን ነው። ጉጃራት የጠነከረ መረብ ሲኖራት በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ያሉ ብዙ ግዛቶች ገና ናቸው። ቦርዱ በዚህ በኩል ባዶ እጁን አይደለም፤ ከ2008 ጀምሮ በአሳም፣ ከ2014 ጀምሮ በጃርካንድ የተዳከሙ የወተት ድርጅቶችን አስተዳደር ተረክቦ ወደ ሥራ መልሷል። ይህ ከአዲስ ሕንፃ ይልቅ የምደነቅበት ሥራ ነው፣ ግን ፍጥነቱ ከችግሩ ስፋት ጋር አይመጣጠንም።

ከባለቤትነት ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄም አለ። በ1987 በወጣ ሕግ ቦርዱ የብሔራዊ ጠቀሜታ ተቋም ሆኗል፤ ሊቀመንበሩንና አባላቱን የሚሰይመው ማዕከላዊ መንግሥት ነው። ኩሪየን እስከ 1998 ለ33 ዓመት ሲመሩት የግል ክብደታቸው ከፖለቲካ ጫና ይከልለው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ አምሪታ ፓቴል ሲመሩት ማኅበራቱ ከቦርዱ ኩባንያ ጋር በሽርክና ይሸጡ ወይስ በራሳቸው ብቻ ይቁሙ በሚለው ላይ መሥራቹ ራሳቸው ከተቋማቸው ጋር በአደባባይ ተከራከሩ። ሁለቱም ወገን የገበሬውን ጥቅም ይጠቅስ ነበር፤ ገበሬው ግን በዚያ ክርክር ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት አልነበረውም። የመንደር ማኅበሩን ሊቀመንበር ይመርጣል፣ በእርሱ በኩል የአውራጃ ዩኒየኑ ይመረጣል፣ ከዚያም የግዛቱ ፌዴሬሽን፤ ምርጫው ወደ ላይ ወጥቶ ከቦርዱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የአናንድን መርሕ፣ ማለትም የገበሬውን ባለቤትነት፣ ለሌሎች የሚያስተምር ተቋም በራሱ ላይ መርሑን በሙሉ አለመተግበሩ ያሳዝነኛል። ሴቶችም ከአባላቱ ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ አብዛኛውን የማለብና የመመገብ ሥራ የሚሠሩት ግን እነርሱ ናቸው። ቦርዱ በቲሩፓቲ አካባቢ ባለአክሲዮኖቹ ሴቶች ብቻ የሆኑበት ሽሪጃ የተባለ የአምራቾች ኩባንያ እንዲቋቋም መርዳቱ ነገሩ እንደሚቻል አሳይቷል።

በ2024 መንግሥት ሁለተኛውን የነጭ አብዮት ይፋ አድርጓል፤ የመጀመሪያው የነጭ አብዮት የሚባለው የጎርፍ ዘመቻው ነው። ግቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰበስቡትን ወተት በአምስት ዓመት በ50 በመቶ አሳድጎ በቀን 100 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ገደማ ማድረስ ሲሆን፣ 75,000 አዳዲስ የመንደር ማኅበራት ይቋቋማሉ ተብሏል፤ ሥራውን የሚያስፈጽመውም ቦርዱ ነው። ይህ ግብ ትክክለኛውን ጉድለት የሚነካ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። እኔ የምከታተለው ግን የተሰበሰበውን ወተት ድምር አይደለም። ከአዳዲሶቹ ማኅበራት ስንቱ ቀድሞ መረብ በሌለባቸው ግዛቶች እንደተከፈቱ፣ በስንቱ ውስጥ ሚዛኑን የምትይዘው ጸሐፊ ሴት እንደሆነች፣ መኖው በየወቅቱ ተመርምሮ ውጤቱ ለአላቢዋ እንደሚነገራት፣ ንጹሕ መኖ የምትመግብም በወረቀቷ ላይ ጥቂት ሩፒ ተጨምሮላት እንደምታገኝ አያለሁ። የቅባት መለኪያውን በየመንደሩ ማድረስ ለተቻለው ተቋም ይህ ከአቅም በላይ አይደለም፤ የመኖ ናሙና በየወሩ በዩኒየኑ ላቦራቶሪ ማስመርመር ዛሬ በብዙ ቦታ ባለው መሣሪያ የሚጀመር ሥራ ነው።